ጭረቱ ከየት መጣ?

ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ የሄደ ሰው ጎኑ ላይ ጭረት ሲያይ ቅር ይለዋል፤ የሚያብረቀርቅ ሲያይ ደግሞ ልቡ ይረጋል። እኔ ግን ይበልጥ የምጠነቀቀው የሃያ ዓመት የፋይበርግላስ ጀልባ እንደ አዲስ ሲያበራ ነው። ፀሐይ፣ ውሃ፣ የማሪና ግንድና ተሳቢ አንድም ምልክት ያልተዉበት አሮጌ ጀልባ ብርቅ ነው። ምልክት ከሌለው ወይ በጥሩ መጋዘን በጥንቁቅ ሰው እጅ ኖሯል፣ ወይ በቅርቡ የተሸፈነ ነገር አለው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ብር አትቁጠሩ።

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ ወዳጆቼ መካከል፣ ፀደይ ሲገባ፣ "ለሽያጭ" የሚል የተለጠፈበትን ጀልባ ፎቶ የሚልኩልኝ ስለበዙ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደጃችን ነው። ልጆቻችን ውሃ ሳይፈሩ ሲያድጉ ማየት ደስ ይላል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይሄ የመልክ ብቻ ነው ወይስ ችግር አለው?" ከፎቶ ላይ መመለስ አልችልም። መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጀልባው ገላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የፋይበርግላስ ጀልባ የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ሞልድ በሚባለው ባዶ ቅርጽ ላይ መጀመሪያ የሚረጨው ጄልኮት፣ ማለትም ቀለም የተቀላቀለበት ሬዚን ነው። ከዚያ በኋላ የመስታወት ክር ምንጣፍ በሬዚን እየራሰ ይደረደርበታል። ስለዚህ ያ የሚያብረቀርቀው ነገር በመጨረሻ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ከገላው ጋር አብሮ የጠነከረ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥንካሬው ያለው ከኋላው ባለው የመስታወት ክር ላይ ነው፤ የጄልኮት ሥራ ፀሐይን መከላከል፣ ውሃን ማዘግየትና ማማር ነው። ጉዳቱ እዚያች ግማሽ ሚሊሜትር ውስጥ ከቀረ የመልክ ነው። ክሩ ከታየ ግን ነገሩ ከመልክ አልፏል፤ ውሃ መግቢያ አግኝቷል።

ለጭረት ውሃና ጥፍር ይበቃሉ። ውሃ ስታፈሱበት የሚጠፋ መስመር ጥልቀት የለውም፤ ብዙውን ጊዜ በፖሊሽ ይለቃል። ጥፍር የሚይዝ መስመር ግን በፖሊሽ አይወጣም። በጣታችሁ ስትዳስሱት እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት የሚተው ገላ ፀሐይ የበላው ነው፤ ያስጠላል እንጂ አያሰጋም፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

ስንጥቅ ላይ ስትደርሱ ጊዜ ውሰዱ። ቅርጹ ምክንያቱን ይናገራል። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ኮከብ የሚበተን ስንጥቅ የምት ምልክት ነው፤ ከውጭ ግንድ መትቶት ይሆናል፣ ከውስጥ መልህቅ ወድቆበት ይሆናል። ወደ ውስጥ ገብታችሁ የውስጡን ምንጣፍ ገልጣችሁ የዚያኑ ቦታ ጀርባ እዩ። ክሩ ነጭ ሆኖ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላቀቀ ጉዳቱ የውጭ ብቻ አይደለም። ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች ደግሞ ገላው በጉዞ ላይ እንደሚተጣጠፍ ያሳያሉ፤ ከኋላ የሚደግፈው አጥንት የላላ ሊሆን ይችላል። ገመድ በሚታሰርበት ብረት ወይም በእጅ መደገፊያው እግር ዙሪያ የሚታዩት ስንጥቆች የሚመጡት ከጭነት ነው። እዚያ ውሃ በብሎኑ ቀዳዳ ሰርጎ በፋይበርግላሱ መሀል ያለውን የባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ሊያበሰብስ ስለሚችል፣ ቆማችሁበት ወለሉ የሚለሰልስ መሆኑን እዩ። በሌላ በኩል ጄልኮቱ ከፋብሪካው ሲወጣ በዝቶ የተረጨባቸው ማዕዘኖች ላይ የሚታዩ ጸጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አሉ፤ እነሱ ብዙውን ጊዜ ከመልክ አያልፉም።

እኔ ያለ ክርክር ትቼ የምሄደው ሞተሩ ከኋላ በሚታሰርበት ግድግዳ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ካየሁ ነው። ብዙ አሮጌ ጀልባዎች ላይ የዚያ ግድግዳ ውስጥ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ሥራው ትልቅ ነው፣ የሚሸከመው ደግሞ ከባድ ሞተር ነው። ሻጩ በላዩ ላይ ጥሩ አድርጎ ጄልኮት ቢቀባበት እንጨቱን አያድነውም።

ዓይን ያላየውን ጆሮ ይሰማዋል። ገበያ ላይ ምጣድ የሚገዙ እናቶቻችን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁ ጥርት ካላለ ይመልሱታል፤ ጀልባም እንዲሁ ነው። የካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ ይዛችሁ ገላውን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ወይም ውሃ የጠጣው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከኋላው ግድግዳ ወይም ማጠራቀሚያ ያለበት ቦታም ድምፁን ስለሚለውጥ አንድ ምት ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ ግራውን ከቀኙ አነጻጽሩ። ከዚያ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆማችሁ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ በጎኑ ርዝመት ወደ ሌላው ጫፍ ተመልከቱ። የተሞላ ቦታ ከፊት ለፊት ባይታይም እንዲህ ሲታይ ይወዛወዛል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጀልባ ሁሉ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፤ የሚገኘው ከኋላ በስተቀኝ ነው። ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩት። ዙሪያው ተፍቆ ወይም ተሞልቶ ካገኛችሁት በቂ ማብራሪያ ሳታገኙ አትቀጥሉ።

ከውሃ መስመር በታች ያበጡ ጉብታዎች ካያችሁ ውሃ ጄልኮቱን አልፎ ገብቶ ከሬዚኑ ጋር ተዋህዷል ማለት ነው። ሲወጉት የሚፈሰው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ በግፊት ስለሚወጣ ያለ መነጽር አትንኩት። ጥቂት ጉብታ የሚያስሸሽ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ የሚያድር ጀልባ ያገኘዋል፤ ተሳቢ ላይ የኖረው እምብዛም አያየውም። የእርጥበት መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው ካለ መሣሪያውን አክብሩት እንጂ አታምልኩት፤ ጀልባው ያን ቀን ከውሃ ከወጣ፣ ወይም ከታች መዳብ ያለበት ቀለም ከተቀባ፣ ቁጥሩ ያሳስታል። ዋጋው ከፍ ያለ ጀልባ ከሆነ ግን ሰርቬየር የሚባሉትን መርማሪዎች ቅጠሩ። ሻጩ ወይም ደላላው የመረጠላችሁን ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን።

አሁን ጉዳቱ የመልክ ነው ብለን እርግጠኛ ሆንን እንበል። ጥገናው ትዕግሥት ላለው ሰው በእጁ የሚሠራው ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ገላውን እጠቡ፣ አሮጌውን ሰም አውጡ፣ በአሴቶን ጥረጉ፤ ሰሙ ሳይወጣ ከፈተጋችሁት ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ፣ አዲሱም አይይዝም። ስንጥቁን በላዩ ላይ አትቀቡት፤ ተመልሶ ይመጣል። ሹል ነገር ይዛችሁ ታቹ ጠባብ፣ አፉ ሰፊ ቦይ አድርጋችሁ ክፈቱት። ምክንያቱም ካልተስተካከለ፣ ለምሳሌ የላላ ብሎን ካልጠበቀ፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ጄልኮቱን የሚያጠነክረው ፈሳሽ በክብደት ከመቶ አንድ እስከ ሁለት ነው የሚጨመረው፤ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ። ይህ ፈሳሽ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ልጆች በሚደርሱበት አታስቀምጡ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ በደንብ አይጠነክርም፤ በሐምሌ ቀትር ደግሞ ሳትጨርሱ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ለኛ አገር አየር የግንቦት ረፋድ ጥሩ ነው። ከገላው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሲደርቅ ይኮማተራልና። ሰም የሌለበት ጄልኮት አየር ሲነካው ላዩ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በላዩ ፕላስቲክ ለጥፉበት። በማግስቱ ብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በውሃ እያራሳችሁ ከ400 ጀምራችሁ 600፣ 800፣ 1000 እያላችሁ ውጡ፤ በጣት ብቻ ከፈተጋችሁ ጉድጓድ ትሠራላችሁ። ከዚያ ፖሊሽ፣ ከዚያ ሰም። ጎረቤቱ ጄልኮትም ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ በተለይ ማዕዘን ላይ ማሽን አታቆዩ።

ከጋራዥ የተረፈ የመኪና ስቱኮ ከውሃ መስመር በታች አታድርጉ፤ ውሃ ይጠጣል። እዚያ ኤፖክሲ ነው የሚሻለው። ኤፖክሲ ላይ ደግሞ ጄልኮት በደንብ ስለማይይዝ፣ በላዩ ለውሃ ውስጥ የተሠራ ቀለም ይቀባበታል።

ከሁሉም የሚያደክመው ቀለሙን ማመሳሰል ነው። ነጭ ብዙ ነው፤ ፀሐይ ላይ የኖረ ነጭ ደግሞ ፋብሪካው ከሠራው ጋር አይገጥምም። መጀመሪያ አካባቢውን ፖሊሽ አድርጋችሁ እውነተኛ መልኩን አውጡ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ ደርቆም እዩት፤ ሲደርቅ መልኩ ይለወጣልና። በእኔ እምነት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚለየው ነገር ግን በደንብ የተሞላ ጥገና፣ ጥገናውን ለመደበቅ ጎኑን በሙሉ ቀለም ከመቀባት ይሻላል። የሚታይ ጥገና የሚቀጥለውን ባለቤት አያታልለውም።

ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። እኛ እርስ በርስ ስንገበያይ ብዙ አንጠያየቅም፤ "ያገሬ ልጅ ነው" ብለን እናምናለን። ያ እምነት የሚያምር ነገር ነው፣ እና በሰም ሥር የተደበቀ የበሰበሰ ግድግዳ ሊያጠፋው አይገባም። ገዢው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከባሕረ ሰላጤው መሀል የሚገባበት ነገር ነው የምንሸጥለት። ስለዚህ ስትጠግኑ ከመሙላታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ቦዩ ሲከፈት አንሡ፣ ምን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፣ ስትሸጡም ከወረቀቱ ጋር አብራችሁ ስጡ። ለራሴ ስገዛ እንዲህ ያለ ማስረጃ ካለው ጀልባ ላይ ጭረት ቆጥሬ ዋጋ አላስቀንስም።

በዚህ ፀደይ ጀልባ ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አቅራቢያ ከሆነ አብሬ እመጣለሁ። ሻጩን ግን አስቀድማችሁ ደውላችሁ አንድ ነገር ለምኑት፦ እስክንመጣ ፖሊሽ እንዳያደርገው።