ዶክተሩ «ሐሚድ» ሲለኝ

ሁሌ የናንተን ታሪክ አነባለሁ፣ ዛሬ የራሴን ልጻፍ። አድሚን፣ ስሜ እንዳይወጣ አደራ፤ እናቴ ጋ ከደረሰ ትደነግጣለች።

የወሎ ልጅ ነኝ፣ 21 ዓመቴ ነው። የምሠራው ሪያድ ዑለያ ነው። ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ያ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው የመምለካ ሕንፃ ይታየኛል። አምና ግራ ዳሌዬን ያመኝ ጀመር። ደረጃ ማጠቡ ነው፣ ምንጣፍ ማንሳቱ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ግን ቀን ስሠራ እችለዋለሁ፣ ሌሊት ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። ፓናዶል ብውጥ ምንም። አንዷ የሰፈር አበሻ ብሩፈን ስትሰጠኝ ግን ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እሱን እየዋጥኩ ወራት አለፉ።

ማዳም አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ራጅ አነሱኝና «ምንም የለባትም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳነክስ ባየችኝ ቁጥር «ከዛባ» ትለኛለች፣ ውሸታም ማለቷ ነው። የመጣሁበት ብድር ገና አላለቀም፣ ታመምኩ ብዬ የት እሄዳለሁ? በኋላማ ራሴንም ተጠራጠርኩ።

የደረሰችልኝ ማማ ከቢራ ናት፣ የማዳም እናት። ለፈጅር ሶላት ስትነሳ ኩሽና ውስጥ ተኮራምቼ ሳለቅስ አገኘችኝ። ልጇን ተቆጥታ ሌላ ሐኪም ጋ አስወሰደችኝ። ዶክተሩ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ሌሊት ይብስብሻል? ብሩፈን ያስታግስልሻል?» አዎ ስለው ሲቲ ስካን አዘዘልኝ።

ውጤቱን አይቶ «ወረም» አለ። ወረም ዕጢ መሆኑን አውቃለሁ። እግሬ ከዳኝ። እኛ ጋ ዕጢ ከተባለ ካንሰር ነው፣ ካንሰር ከተባለ ደግሞ አለቀ። ሬሳዬ በሳጥን አገር ሲገባ ታየኝ። እሱ ግን «ሐሚድ፣ ሐሚድ» ይለኛል። ሐሚድ እኮ የአጎቴ ስም ነው! ግራ ሲገባኝ በስልኩ ተርጉሞ አሳየኝ፤ ካንሰር ያልሆነ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይሰራጭ ዕጢ ማለት ነው። ክፉው «ኸቢስ» ነው የሚባለው። እህቶቼ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልኝ።

የኔው ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ ይባላል። መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው፣ ሥቃዩ ግን የዚያን ያህል! በብዛት የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጭን ወይም ቅልጥም ላይ ይወጣል፤ ዳሌ ላይ ሲሆን በተራ ራጅ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። አደንዝዘውኝ፣ በሲቲ እያዩ ቀጭን መርፌ አስገብተው በሙቀት አቃጠሉት። በማግስቱ ቤት ገባሁ። ወጪውን እነሱ ቻሉት። በሳምንቱ ያለ ብሩፈን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ፤ ስነሳ ማልቀስ አማረኝ።

አደራ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ካላችሁ የሥራ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ብሩፈንም ያለ ሐኪም ለወራት አትዋጡ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪም ጋ ስትገቡ መቼ እንደሚያማችሁና የትኛው ኪኒን እንደሚያስታግሳችሁ ንገሩት። እኔን ያወጣኝ እሱ ነው።

ማዳም ይቅርታ አላለችኝም። ግን «ከዛባ» ማለቷን ትታለች።