ስለ ገመድና ስለ ፊርማ

ሰው ከባድ ዕቃ ሲነሣ ባየ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በዕቃው ወይም በሚያነሣው መኪና ላይ ነው እንጂ፥ ሁለቱን በሚያገናኘው ገመድ ላይ አይደለም። ዳሩ ግን መኪናው ምንም ቢበረታ፥ ዕቃው ምንም ውድ ቢሆን፥ የሁለቱም ዕድል የተንጠለጠለው በዚያው በተናቀው ገመድ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም በጠፍር ገመድ የወጡ ሁሉ ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያውቁታል። እኛ ግን ዘግይተን የተማርነው በሃረና ጫካ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዘመናችን በእውነት ተፈጽሟል። ከፖሊስተር ክር የተሸመነ፥ ስፋቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ቀበቶ ሁለትና ሦስት ቶን ያነሣል። ከካቦና ከሰንሰለት ይልቅ ቀላል ነው፤ የዕቃውንም ቀለም አይፍቅም። በአውሮፓ ደንብ የቀበቶው ቀለም አቅሙን ይናገራል፤ ሐምራዊው 1 ቶን፥ አረንጓዴው 2 ቶን፥ ቢጫው 3 ቶን ነው። አዲስ ሳለም የሚበጠሰው ከተጻፈበት ልክ 7 እጥፍ ሲጫንበት እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። ይህ ትርፍ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው እንጂ ለድፍረት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ስንሠራ፥ ሁለት አረንጓዴ የማንሻ ቀበቶዎች ከመጋዘን ወጪ እንዲሆኑ ታዘዘ። እንደ ተጠቀለሉ አየናቸውና በሰነዱ ላይ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብለን ፈረምን። አልፈታናቸውም፤ በእጃችንም አልዳሰስናቸውም። ሰዓቱ ለምሳ ተቃርቦ ነበር።

ቀበቶዎቹ የተላኩት በሃረና ለሚተከል 2 ቶን ለሚመዝን ጀነሬተር ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ርክክቡን እንድንፈጽም ታዘን ከጎባ ተነሣን። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም በዚያ ይታያል። ከዚያ ወደ ሪራ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ ይለዝባል፤ አስታው ለታላላቅ ዛፎች ስፍራውን ይለቃል፤ የዛፍ ሽበት በጭጋጉ ውስጥ ተንዠርግጎ ይታያል። ይህ የጫካ ቡናና የማር አገር የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከስፍራው ስንደርስ አራት የቀን ሠራተኞች ጀነሬተሩን ደግፈው ለማውረድ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ክሬኑን የሚነዳው ወጣት ቀበቶዎቹን ፈታቸው። የአንደኛው ጠርዝ የአውራ ጣት ያህል ተቆርጧል። የሁለተኛው ምልክት ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ አረንጓዴውም ቀለም ነጥቶ ጨርቁ ደርቋል።

«ጋሼ፥ ይኼን ማን ነው ያየው?» ብሎ ጠየቀን።

መልስ አጣን። በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የእኛ ነበርና።

ወጣቱ አላሾፈብንም፤ ይልቁንም አስተማረን። ምልክቱ የጠፋ ቀበቶ አቅሙ አይታወቅምና ሥራ ላይ አይውልም። የተቆረጠ፥ ስፌቱ የተፈታ፥ በሙቀት የቀለጠ ወይም የተቋጠረ ቀበቶም እንዲሁ ነው። ፖሊስተርን ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ናይለንን የባትሪ አሲድ ይበላዋል፤ ሁለቱንም ፀሐይ ቀስ በቀስ ታደክማቸዋለች፤ በደጋ ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሯ ይብስ ይበረታል። ሹል ማዕዘን ባለበት ዕቃ ላይ ያለ መከላከያ ማሰርም እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። አስተሳሰሩም ያው ፈተና አለው፤ 2 ቶኑ በሁለት ቀጥ ባሉ እግሮች ቢንጠለጠል ለእያንዳንዱ 1 ቶን ይደርሰዋል፤ እግሮቹ ተንጋደው ከአግድሙ ጋር 30 ዲግሪ ቢሆኑ ግን እያንዳንዱ 2 ቶን ይሸከማል።

ይህን ስንነጋገር የአካባቢው ንብ አናቢ የሆኑ ሽማግሌ ቆመው ያዳምጡ ነበር። በሃረና ቀፎ የሚሰቀለው ከረጃጅም ዛፎች ላይ ነውና፥ የመውጫ ገመዳቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። እሳቸውስ ገመዳቸውን እንዴት እንደሚያዩ በሾፌራችን አስተርጓሚነት ጠየቅናቸው። ገመዱን አወረዱና ስንዝር በስንዝር በጣቶቻቸው መካከል አሳለፉት፤ በየመሐሉም እያጠፉ ውስጡን ተመለከቱ።

«ማን ያይልዎታል?» አልናቸው።

«ልጄ፥ የሚወጣው እኔ፤ የማየውም እኔ» አሉን።

ይህ አጭር ቃል ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ወጋን። እሳቸው የሚያዩት ለገዛ ነፍሳቸው ነው፤ እኛ ግን የፈረምነው ከበታቹ ለሚቆሙ አራት ሰዎች ነፍስ ነበር። ገመዱ ቢበጠስ ኖሮ የሚወድቀው በእኛ ወንበር ላይ አልነበረም።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። የመንግሥት ንብረት ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይወገድም። ቀበቶዎቹን ወደ መጋዘን ብንመልሳቸው ደግሞ፥ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ አንዱ የቸኮለ ሰው አውጥቶ እንደሚሠራባቸው ከእኛው ስሕተት አወቅን። ብዙ ካመነታን በኋላ ምስክሮች ባሉበት ሁለቱንም ቆራረጥናቸው፤ ቃለ ጉባኤም ጻፍን። ሳናይ መፈረማችንንም ከዚያው ላይ አሰፈርን። ጀነሬተሩ ሌላ ቀበቶ እስኪመጣ ሦስት ቀን በመኪና ላይ ቆየ፤ ከዚያም በሰላም ወረደ።

ከወር በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው ንብረት ስለ መቁረጣችን እንጂ ሳናይ ስለ መፈረማችን አንድም ቃል አልነበረበትም። አላዘንንም ብንል ሐሰት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚገባን ቅጣት ባልጠበቅነው በር መጣ ብለን ተቀበልነው።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። የገመድ ጉዳት በቅርቡ የሚታየው ተጠቅልሎ ከመጋዘን ሳለ ነው፤ ከአየር ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ሩቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን የሚያልፈውን ሁሉ ፈትተን፥ ስንዝር በስንዝር ዳስሰን እንፈርማለን። አንዳንድ ባልደረቦቻችን መዘግየታችንን እያዩ ይስቃሉ። የምሳው ሰዓትም ብዙ ጊዜ ያልፈናል።