ከወይጦ የመጣች መቀመጫ

ከኮንሶ ወደ ጂንካ ሲጓዙ ቁልቁለቱ ሲያልቅ የወይጦ ሜዳ በሙቀቱ ይቀበልዎታል። እዚህ የፀማይ ወንዶች ይዘዋት የሚዞሩትን፣ ሐመሮችም ቦርኮቶ የሚሏትን፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ ልብ ይበሉ። ቀን መቀመጫ፣ ሲተኙ ትራስ ናት።

አሮጌ ገዝተው ቤት ሲገቡ «ላድሳት» ብለው በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጓት፤ ቫርኒሽም አይቀቧት። እኔ የመጀመሪያዬን ያበላሸኋት እንዲህ ነው። ያ ወዝ ቆሻሻ አይደለም፤ የባለቤቷ እጅና አንገት ለዓመታት ያወጣው ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከፀሐይና ከውኃ ያርቋት። እግሯ ቢሰነጠቅ ሚስማር አይምቱባት፤ አናጺ በኮላ ያጣብቅልዎት።

ሲገዙም ማን እንደጠረባት ይጠይቁ፤ ልጆችዎ አንድ ቀን ይጠይቁዎታልና።