የዘጋሁት የወንዝ መውረጃ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ ድልድዮች የአንዱን ግንባታ የተቆጣጠርኩት እኔ ነኝ። ድልድዩ ዛሬም ጤነኛ ነው፤ መኪናውን ያሳልፋል፣ ክረምቱን ይችላል። ጥፋቴ ከላይ ሆኖ ለሚያይ አይታይም። ሰው ወደ ወንዙ የሚወርድበትን መንገድ ዘግቼ ነው የሄድኩት።

በእኛ አገር መንገድ ወንዝ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ድሮም ሕዝብ ይሻገርበት በነበረው ቦታ ነው። የሚመቸውን ቁልቁለት መሐንዲስ ሳይመጣ በፊት የሰውና የከብት እግር መርጦታል። ከብት የሚጠጣው፣ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚታጠበው እዚያው ነው። እኛ ደርሰን በዚያ ላይ ሙሌት ከመርን፣ በግራና በቀኝ ክንፍ ግንብ አቆምን፣ ዳገቱን በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) አሰርን፣ ከላይ የብረት መከለያ ተከልን። ሁሉም ለድልድዩ ደኅንነት የሚያስፈልግ ነበር። የጎደለው አንድ መውረጃ ነው።

አላየሁም እንዳልል ተነግሮኛል። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ሽማግሌ መጥተው «ልጄ፣ ከብቱስ በየት ይውረድ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ፕላኑ ላይ የለም» አልኳቸው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ግን ለውጥ ጽፎ ማስፈቀድ የእኔ ሥራ ነበር። ግንበኛው እዚያው ነበር፣ የተረፈ ድንጋይም ነበር። ክረምት ሳይገባ ለማስረከብ ቸኩዬ ተውኩት።

በሌላ ሥራ ምክንያት ስመለስ ሰዎቹ በክንፍ ግንቡ ጥግ፣ በሚንሸራተተው ድንጋይ ላይ ይወርዱ ነበር። አንዲት ልጅ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ወድቃ እግሯ እንደተሰበረ እዚያው ነገሩኝ። ውኃው ዳር የሚደርሱበት ቦታም ተለውጧል፤ አሁን በቀጥታ ድልድዩ ሥር ነው። ውኃ ድልድይ ሥር ሲጠብብ ይፈጥናል፣ የምሰሶውን ግርጌ እየጫረ ጉድጓድ ያወጣል። ይህን አውቅ ነበር፤ መሠረቱን ያስጠለቅነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ጉድጓዱ ለምሰሶው አስቤያለሁ፣ እዚያ ለሚቆም ልጅ አላሰብኩም። ጮቄ ተራራ ላይ ሲዘንብ ደግሞ እታች ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሮጦ የሚወጣበት መንገድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ከሞጣ ማዶ አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እያወቅሁ ይህን ማድረጌ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ያ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ከተቆረጠ ወዲህ ሕዝቡ ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የሽቦ ድልድይ ተተካ። በገመድ የተንጠለጠለ ሰው ሲታይ ዓለም ያዝናል፣ ገንዘብም ይገኛል። በየቀኑ ወደ ውኃው የሚንሸራተተውን ግን ማንም አይቆጥረውም። እኔም በድልድዬ ጥናት ጊዜ የቆጠርኩት የሚሻገረውን ነበር። የሚወርደውን የሚመዘግብ ቅጽ እጄ ላይ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ሥዕሉን ሠርቻለሁ። መውረጃው ከድልድዩ ሥር ሳይሆን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ውኃው ሰፍቶና ረግቶ በሚሄድበት በኩል ይሆናል። ለሰው ሰፊና ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ፣ ከጎኑ ለከብት ሰኮናው እንዳይንሸራተት ሸካራ ድንጋይ የተነጠፈበት ተዳፋት፣ በመከለያው ላይም ጀሪካን የተሸከመች ሴት የምታልፍበት ክፍተት። ያኔ ቢሠራ ከተረፈው ድንጋይ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ጋቢዮን መፍታትና ሙሌት መቁረጥ ስለሚጠይቅ ወጪው ብዙ ነው። ይህም የእኔ ጥፋት ዋጋ ነው።

ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ባዶ ትቻለሁ፤ ትክክለኛውን ቦታ። እሱን ሽማግሌውና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ቆመው እንዲያሳዩኝ፣ ከይቅርታ ጋር ልጠይቃቸው እሄዳለሁ።