ያለ ጎረቤት የሚጀመር ትዳር

በደሴና በኮምቦልቻ አዲስ ትዳር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሽማግሌ ከመላክ አንስቶ፣ በሙስሊሙ ዘንድ ኒካህ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚፈጸመው የጋብቻ ውል፣ እስከሚታሰርበት፣ ከዚያም እስከ መልሱና ቅልቅሉ ድረስ ዘመድና ጎረቤት ጎጆውን ደግፈው ያቆሙታል። ሙሽሮቹ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ግን ይህ ድጋፍ ከኋላ ይቀራል፤ ኩርፊያን የሚያበርድ ሽማግሌም፣ ለቡና የሚጠራ ጎረቤትም በሌለበት አንዲት ጠባብ የተማሪ ክፍል መኝታም፣ ማድ ቤትም፣ ማጥኛም ትሆናለች።

ለውጡ ከጥቃቅኑ ይጀምራል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ ያደገው ባል የባሕር ማዶውን ብርድ ቶሎ ሲለምደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ያደገችው ሚስት ትቸገር ይሆናል፤ ሊጡም እርሾ፣ ማለትም ከቀድሞው ቡኮ የተረፈ ማቡኪያ፣ ቢጨመርበትም በብርዱ አልቦካ ስለሚል ከክፍሉ ማሞቂያ አጠገብ ያድራል።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ክፍፍል ነው፤ ሁለቱም ተማሪ ሆነው ሳለ የቤቱ ሥራ በልማድ ወደ ሚስት ካዘነበለ ትምህርቷ ይጎዳል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት እንዲከባበሩና እንዲደጋገፉ ያዛል፤ ይህም በተግባር የሚፈጸመው አንዱ ለፈተና ሲቀመጥ ሌላው ምጣዱን ሲጥድ ነው። ስለዚህ ተጓዥ ሙሽሮች ስለ ወጪ፣ ለቤተሰብ ስለሚላክ ገንዘብ፣ ስለ ልጅና ስለ መመለሻ ጊዜ አገር ቤት ሳሉ ሊመክሩ ይገባል፤ አስቀድሞ የተመከረበት ትዳር የባዕድ አገር ብቸኝነትን ይችላልና።