ለመሀለኛው ሰውዬ ምን ይሰጡታል?

ዛሬ የምናወራው ስለ ራግቢ ነው። ቆይ፣ አትሂዱብን! እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለዚህ ጨዋታ የምናውቀው ኳሱ እንቁላል መምሰሉን ብቻ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ተጠየቅንና መልሱን ፍለጋ ስንዞር ከረምን። ያገኘነውን ለብቻችን ይዘን መቀመጥ ስላልሆነልን፣ እነሆ።

ቀኑ ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2023 (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። እንደ ልማዳችን ዲኤስቲቪ ቤት ተሰይመናል። አመሻሽ ላይ ቤሊንግሃም በሁለት ጎል ባርሴሎናን ሲያስለቅስ አየን። ቀጥሎ ዎልቭስና ኒውካስል 2 ለ 2 ተለያዩ። ሰዉ እየተንጠባጠበ ወጣ። እኛ ሻያችንን ስላልጨረስን ቀረን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ቻናሉ ተቀየረና የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀመረ፤ ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ።

ከኋላችን አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ጥቂት ካዩ በኋላ፣
«ልጆች፣ ይሄ ጨዋታ ነው ጠብ?» አሉን።
«ጨዋታ ነው ጋሼ።»
«ታዲያ ሰውየው ፉጨት ይዞ ቆሞ ለምን አይገላግላቸውም?»

ሳቅን። ወዲያው ስክረም የሚሉት ነገር መጣ። ለማታውቁት፣ ስክረም ማለት ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ተቃቅፎና ጎንበስ ብሎ እንደ ወይፈን የሚገፋፋበት ነው። ፊት ለፊት ሦስት ሰዎች ይቆማሉ። ግራና ቀኝ ያሉት ፕሮፕ ይባላሉ፤ መሀል ያለው ሁከር ይባላል። ከኋላቸው ያሉት አምስቱ ሲገፉ ክብደቱ የሚያርፈው በእነዚህ ሦስት ሰዎች አንገትና ትከሻ ላይ ነው። የደቡብ አፍሪካው ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ጨዋታው ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተጎድቶ ወጣ። በእሱ ቦታ የ37 ዓመቱ ዲዮን ፉሪ ገብቶ የቀረውን ጨዋታ ተሸከመ። ጋሼ ይሄን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«እሺ፣ ያ መሀል ላይ ጭንቅላቱን የሚሰጠው ሰውዬስ ምን ይሰጡታል?» አሉ።

እኛ ምን እናውቃለን! ደቡብ አፍሪካ 12 ለ 11 አሸነፈች። አሥራ ሁለቱንም ነጥብ ያስቆጠረው ሃንድሬ ፖላርድ በእግሩ መትቶ ነው። ጋሼ «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

*

በማግስቱ ፓሪስ ላይ የዓመቱ የራግቢ ሽልማት ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው የኒውዚላንዱ አርዲ ሳቬያ ነው። ልብ በሉ፣ ትናንት ማታ የተሸነፈው ቡድን ተጫዋች! እዚህ ላይ ራግቢን አደነቅነው። ዋንጫና ሽልማት የግድ አብረው መሄድ የለባቸውም ማለት ነው።

ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ኋላ ቆጠርነው። ሽልማቱ የተጀመረው በ2001 ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአየርላንዱ ኪት ዉድ፣ ሁከር! «ጋሼ የት አሉ?» ብለን ልንሮጥ ነበር። ደስታችን ግን አልቆየም። ከዉድ በኋላ ሁለተኛ ሁከር እስኪሸለም 24 ዓመት ፈጅቷል፤ በ2025 ደቡብ አፍሪካዊው ማልኮም ማርክስ። በመሀሉ ኳስ አከፋፋዩና መቺው ዳን ካርተር ሦስት ጊዜ፣ ሪቺ ማካው ሦስት ጊዜ፣ ቦደን ባሬት ሁለት ጊዜ ወስደውታል። ይገባቸዋል፣ ቅሬታ የለንም። ፕሮፖቹስ? አንድም የለም። ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ፕሮፕ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ አያውቅም። እነሱ ካልገፉ ግን ካርተርም የሚመታው ኳስ አያገኝም ነበር።

*

እሺ፣ የዓመቱ ሽልማት ይቅር፤ የማያልፍ ክብርስ? ለዚህ ደግሞ ሆል ኦፍ ፌም የሚሉት አላቸው፤ በእኛው አነጋገር የዝና አዳራሽ። በ1997 አንዱ ኒውዚላንድ ውስጥ ተቋቋመ። የጨዋታው የበላይ አካል በ2006 የራሱን ጀመረ። በ2014 ሁለቱ ተዋሃዱ።

በ2006 ቀድሞ የገባው ማን መሰላችሁ? ዊልያም ዌብ ኤሊስ፣ ከተማረበት ከራግቢ ትምህርት ቤት ጋር። በ1823 እግር ኳስ ሲጫወቱ ኳሱን በእጁ አቅፎ ሮጠና ራግቢ ተፈጠረ የሚባልለት ልጅ ነው። የዓለም ዋንጫውም በስሙ ይጠራል። ችግሩ፣ ሰውየው በ1872 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሞት ይሄ ታሪክ ገና አልተጻፈም። በ1876 የጻፈው ማቲው ብሎክሳም የሚባል የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ ትምህርት ቤቱን ለቅቆ ነበር። ስለዚህ የአዳራሹ የመጀመሪያ እንግዳ፣ ማድረጉ ባልተረጋገጠ ነገር የገባ ሰው ነው። (ተረት እኛ ጋ ብቻ ያለ መስሏችሁ ነበር?)

ማድረጋቸው የተረጋገጠውስ? የሴቶቹን እንይ። የመጀመሪያው የሴቶች የራግቢ ዓለም ዋንጫ በ1991 ዌልስ ውስጥ ሲካሄድ የጨዋታው የበላይ አካል ዕውቅና አልሰጠውም ነበር። 12 ቡድን መጣ፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከኪሳቸው ከፍለው። የሶቪየት ኅብረት ሴቶች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ቮድካና ካቪያር ሸጠው ነበር፤ ጉምሩክ ደረሰባቸው እንጂ። ዋንጫውን አሜሪካ ወሰደች። ይሄ ውድድር «አዎ፣ የዓለም ዋንጫ ነበር» የተባለው በ2009 ነው። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የዝና አዳራሹ ውስጥ የገቡት ደግሞ በ2014፣ ስድስት ሆነው ነው። ከእነሱ አንዷ የኒውዚላንዷ አና ሪቻርድስ አራት የዓለም ዋንጫ በልታለች። አራት! እንዲህ ያለች ሴት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ኤሊስ ስምንት ዓመት ቀድሟት ወንበር ይዞ ነበር።

*

አሁን ወደ መሀለኛው ሰውዬ እንመለስ። ከዚህ በኋላ ቀልዱ ይበቃናል።

ኖቬምበር 22 ቀን 2003፣ ሲድኒ። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ነው፤ 17 እኩል። ጆኒ ዊልኪንሰን በማይተማመንበት በቀኝ እግሩ ኳሱን በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ሰደደው። 20 ለ 17። የቀረው 26 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ራግቢ የማይወድ ሰው እንኳን ይህቺን ምት አይቷታል። ዊልኪንሰን በዚያው ዓመት የዓለም ምርጥ ተባለ፤ በ2016 የዝና አዳራሽ ገባ።

ያቺ ኳስ ግን ከሰማይ አልወረደችም። ከጥቂት ሴኮንዶች በፊት ኳሱ ከመስመር ወጥቶ ነበር። በራግቢ ውርወራው የሁከሩ ሥራ ነው። የእንግሊዙ ሁከር ስቲቭ ቶምፕሰን እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ወይም በአንድ ክንድ ቢያሳጥራት፣ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን ከሰልፉ ጭራ ላይ ለዘለለው ለሌዊስ ሙዲ አሻግሮ ወረወረለት። ሙዲ ያዘ። ከእሱ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ዊልኪንሰን ጋ ደረሰች።

ቶምፕሰንም ያለ ክብር አልቀረም። ሜዳሊያው አለ። ቡድኑ በሙሉ ለ2004 አዲስ ዓመት ከንግሥቲቱ ኒሻን ሲሰጠው እሱም ደርሶታል። ለእንግሊዝ 73 ጊዜ ተሰልፏል። ታዲያ በዲሴምበር 2020፣ በ42 ዓመቱ፣ ቶምፕሰን የመርሳት በሽታ እንዳለበት ለዓለም ተናገረ። ያንን የዓለም ዋንጫ ማሸነፉን እንደማያስታውስም ተናገረ። ጨዋታዎቹን ብቻ አይደለም፤ አውስትራሊያ መሄዱንም ጭምር።

ይህን ስናነብ ዝም አልን። እኛ፣ ራግቢ ገና ትናንት የሰማን ልጆች፣ ያቺን ውርወራ እናውቃታለን። እሱ አያውቃትም። ዓለም በሙሉ በአደራ የያዘለት ትዝታ አለ፤ ባለቤቱ ቢጠራው ግን አይመጣለትም። እሱና ሌሎች የቀድሞ ተጫዋቾች ለዚህ የዳረገን ለዓመታት፣ በልምምድም በጨዋታም፣ ጭንቅላታችን መመታቱ ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ ሊጠብቁን ይገባ ነበር ብለው በዓለም አቀፉ አካልና በእንግሊዝና በዌልስ ፌዴሬሽኖች ላይ ክስ መሥርተዋል። ሙዲም በኦክቶበር 2025፣ በ47 ዓመቱ፣ ጡንቻን የሚያዝለው የነርቭ በሽታ እንደያዘው ተናግሯል። ጨዋታው ነው ያመጣበት ማለታችን አይደለም። ግን አስቡት፤ የወረወረውም የያዘውም።

ያው በሽታ የስኮትላንዱን ግዙፍ ሰው ዶዲ ዊየርን በ2022 ገድሎታል። ገና በሕይወት እያለ፣ በ2018፣ ስኮትላንድና ዌልስ በስሙ ዋንጫ አዘጋጅተው ተጫወቱ። ጥሩ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ከመግቢያው ገቢ ለዶዲ የበሽታ ምርምር ድርጅት የታሰበ ነገር አልነበረም። ሰዉ ሲጮኽ ነው ፌዴሬሽኖቹ ገንዘብ እንሰጣለን ያሉት። ስምን ዋንጫ ላይ መቅረጽ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው የሰውየውን ቁስል አብሮ መያዝ ነው።

*

በፍለጋችን መሀል የወደድናት አንዲት ክብር አለች፤ አዳራሽም ወርቅም የላትም። ኒውዚላንዶች ለብሔራዊ ቡድናቸው የተሰለፈን ሰው ሁሉ በተራ ቁጥር ይመዘግባሉ። ቁጥር 1 በ1884 የተጫወተው ጄምስ አለን ነው። አንደኛ የሆነው ከሁሉ ስለበለጠ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ስሙ በፊደል ተራ ስለቀደመ ነው! አንድ ቀን ብቻ የተሰለፈ ፕሮፕም፣ ሦስት ጊዜ የዓለም ምርጥ የተባለ ኮከብም፣ ለየራሳቸው አንዳንድ ቁጥር አላቸው። ማንም ማንንም አይበልጥም፤ ማንም አይረሳም።

የእኛ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው። አዳራሹ ይኑር፣ ምሽቱም ይድመቅ፣ ካርተርም ይጨብጨብለት። ነገር ግን ክብር የሚለካው የታየውን በማድነቅ ብቻ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ኳሱን የመታው ይከብራል፤ አንገቱን የሰጠው ይረሳል። ይባስ ብሎ፣ ራሱንም ይረሳል። በሜዳው ገቢ የከበረ ጨዋታ ለተጫዋቹ የመጀመሪያው ኒሻን ሐኪም መሆን አለበት፤ ዛሬ ለሚጫወተው ጥበቃ፣ ትናንት ለተጫወተው ሕክምና። ሐውልቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዲኤስቲቪ ቤቱ አሁንም አለ። ጋሼን ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ አላየናቸውም። ካገኘናቸው መልሱን ይዘናል። «ጋሼ፣ ለመሀለኛው ሰውዬ ሜዳሊያ ይሰጡታል፣ ኒሻንም ይሰጡታል። ጭንቅላቱን ግን አልመለሱለትም» እንላቸዋለን።

ምን እንደሚሉን እንገምታለን። «ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልገላገሏቸውም?»

ቸር እንሰንብት።