ከታይዋን እስከ ደንገጎ፦ የአውቶማቲክ መኪናችሁን ፊደሎች ታውቋቸዋላችሁ?

ድሬ ዳዋ ወርዶ ታይዋንን ሳይረግጥ የተመለሰ ሰው «ድሬን አየሁ» ቢል ማን ያምነዋል? የአዲስ አበባ እንግዳ መርካቶን ሳያይ እንደማይሄድ ሁሉ የድሬ እንግዳም ታይዋን ሳይገባ አይመለስም። ይህቺ ታይዋን ታዲያ እዚያ ሩቅ ምሥራቅ ያለችው ደሴት አይደለችም። ከባሕር ማዶ የመጣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ልብስ፣ ጫማና ሽቶ የሚቸበቸብባት የድሬ ገበያ ናት። የስሟን ምንጭ ለመገመት የዕቃውን ጀርባ ገልበጥ አድርጎ ማንበብ ይበቃል።

በቀትር ከሄዳችሁ አትደሰቱም። ድሬ በቀትር ታሸልባለች። ሙቀቱ በከባዶቹ ወራት ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰዉ ጥላውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ገበያው የሚደምቀው ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። ያኔ «ና አቦ! እይ እንጂ፣ ማየት በነፃ ነው!» የሚል ድምፅ ከየሱቁ ይጠራችኋል። በ«አንተ» ተጠራሁ ብላችሁ ፊታችሁን እንዳታጠቁሩ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም፤ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቋንቋ ያቅፋል። ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ግዙ። ደረሰኛችሁን ግን አትርሱ፤ በመንገዱ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ።

ገበያው በተለይ የሚጨናነቀው ታኅሣሥ 19 አካባቢ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የመጣው ሕዝብ ስለቱን አግብቶ፣ «እዚህ ድረስ መጥተንማ…» እያለ ወደ ድሬ ይወርዳል። ከሚወርዱት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ መኪና ተከራይተው ወይም የአባታቸውን ቁልፍ ለምነው የመጡ። የዛሬው ጨዋታችንም ከእነርሱ ጋር ነው። የሚነዱት መኪና አብዛኛውን ጊዜ አውቶማቲክ ነው። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ የሚያውቁትን «ዲ» አስገብቶ ነዳጅ መርገጥ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በቦሌ ጎዳና ይህ ዕውቀት ይበቃ ይሆናል። ደንገጎ ላይ ግን አይበቃም!

ፊደሎቹ ምን ይላሉ?

«ፒ» ማቆሚያ ነው። «አር» የኋላ ማርሽ ነው። «ኤን» ሾፌሮቻችን ፎሌ የሚሉት ነው። «ዲ» መኪናው ራሱ ማርሽ እየመረጠ ወደፊት የሚሄድበት ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ከ«ዲ» በታች ያሉትን ግን ብዙ ሰው ለጌጥ የተቀመጡ ያህል ሳይነካቸው መኪናውን ይሸጣል።

«3»፣ «2» እና «ኤል» ትእዛዞች ናቸው። «ከዚህ ማርሽ በላይ እንዳትወጣ» ብላችሁ ለካምቢዮው ትነግሩታላችሁ። በቆየት ባሉ ኮሮላዎች የማርሽ ዘንጉ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ደግሞ «ኦቨርድራይቭ» ትባላለች። ስትጫኗት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል፤ መኪናው የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ ተወው ማለት ነው። መብራቱን አይቶ «መኪናው ተበላሽቷል» ብሎ ጋራዥ የሮጠ ሰው ቢኖር አይግረማችሁ። ያለ ጥርስ ማርሽ በሚሠሩት፣ ሲቪቲ በሚባሉት እንደ አንዳንዱ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ላይ «ኤስ» እና «ቢ» ታገኛላችሁ። «ኤስ» የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ «ቢ» ደግሞ ለቁልቁለት ነው። «ኤም» ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ካለ፣ ማርሹን በእጃችሁ ትመርጣላችሁ።

ታይዋን ደጃፍ ላይ

በገበያው ዙሪያ መኪና አይነዳም፣ ይድሃል። ባጃጁ በግራ፣ ጋሪው በቀኝ፣ ተሸካሚው ከፊት። እዚህ «ዲ» ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጉ፤ መኪናው ነዳጅ ሳትረግጡ በራሱ ይንፏቀቃል። አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያቆም መጨናነቅ ካጋጠማችሁ ወደ «ኤን» መልሳችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ። በድሬ ሙቀት «ዲ» ላይ በፍሬን ታንቆ የሚቆም መኪና የካምቢዮውን ዘይት በከንቱ ያሞቀዋል፤ ዘይቱ ከሞቀ ቶሎ ያረጃል፣ ካምቢዮውንም ይዞት ይሄዳል።

ቦታ ለማግኘት ወደፊት ወደኋላ ስትሉ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ከ«አር» ወደ «ዲ» አታስገቡ። በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን እየረገጡ የሚደረገው እዚህ አይሠራም።

አሸዋ ውስጥ ከገባችሁስ? ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎማ እያሽከረከራችሁ አትቆፍሩ። «2» ላይ ማስጀመር ወይም የበረዶ ምልክት ያለባትን ቁልፍ መጫን ጎማው በኃይል እንዳይሽከረከር ያደርጋል። በረዶ በሌለበት አገር ቁልፏ ለአሸዋና ለጭቃ ታገለግላለች። ክረምት ከሆነ ግን ደቻቱ ውስጥ መኪና ማቆም አይታሰብ! በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከላይ ከተራራው የዘነበ ዝናብ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት ይደርሳል።

ዳገቱ

ከድሬ ወደ ደቡብ ስትወጡ ደንገጎ ይቀበላችኋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ሐረማያን፣ አወዳይንና ሐረርን፣ በቀኝ ቁልቢን፣ ጭሮንና አዲስ አበባን ታገኛላችሁ። ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ሜዳውን እዩት፤ ድሬ ጉም ውስጥ እንደ ተረሳች ጨርቅ ተዘርግታ ትታያለች። ነፋሱም ይቀዘቅዛል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት እንዴት ደስ ይላል!

መኪናችሁ ግን ደስ አይለውም። አራት ሰው፣ ከታይዋን የተገዛ ዕቃ፣ ኤር ኮንዲሽን… በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ይሄዳላ! «ዲ» ላይ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ካምቢዮው ግራ ይጋባል። ወደ አራተኛ ይገባል፣ ያቅተዋል፣ ወደ ሦስተኛ ይመለሳል፣ ቀለለኝ ብሎ እንደገና አራተኛ ይገባል። ይህ መዋዠቅ ዘይቱን ያሞቃል፤ ከኋላ የተቀመጠውንም ያስመልሰዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኦቨርድራይቩን አጥፉ ወይም «3» ላይ አድርጉ፤ ሲቪቲ ከሆነ «ኤስ»። ጠመዝማዛው ሲጠብቅ «2»። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ለዚያ ነው የተሠራው። የሙቀት መለኪያውን ግን አትርሱት። ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ ደግሞ መኪናውን በነዳጅ አትያዙት፤ በፍሬን ያዙት።

ቁልቁለቱ፦ እዚህ ጋ ቀልድ የለም

አሁን ዋናው ጉዳይ። ከቁልቢ ወይም ከሐረር ወደ ድሬ ስትመለሱ ያንን 800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከነሰዎቹ 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 30 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ማን ይችለዋል? ሁሉን በፍሬን ከያዛችሁት አራት እፍኝ የማይሞሉ የፍሬን ሸራዎች ናቸው የሚችሉት። ሸራ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ስለዚህ ሸክሙን ለሞተሩ አካፍሉት። የጥንት ሾፌሮች ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ኦቨርድራይቩን አጥፉ፣ ቀጥሎ «3»፣ መንገዱ ሲብስ «2»። በጣም ለጠበበው «ኤል»። ሲቪቲ ከሆነ «ቢ»። ደረጃ በደረጃ ይሁን፤ በ80 እየበረሩ «ኤል» ማስገባት አይደረግም። ከዚያ መኪናው ራሱን ይዞ ይወርዳል፤ እናንተ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ትይዙና ትለቁታላችሁ። ከላይ እስከ ታች እግርን ፍሬን ላይ አስደግፎ መውረድ ግን ሸራውን መጥበስ ነው። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ዳር ያዙና ይቀዝቀዝ፤ ውኃ አታፍስሱበት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ «ብልጠት» እንቅበር። «በፎሌ ከወረድክ ቤንዚን ታተርፋለህ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ውሸት ነው! ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ትንሽ እውነት ነበረው ይሆናል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ላይ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ቤንዚኑም አልተረፈ፣ የሞተሩ መያዣም ጠፋ። ከኋላችሁ የተጫነ ሲኖትራክ፣ ከፊታችሁ ኩርባ… ለሁለት ብር ሲባል!

ቆሞ ለማደር

ሐረር ገብታችሁ ዳገት ላይ ስታቆሙ «ፒ» ብቻውን አይታመንም። «ፒ» መኪናውን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ጥርስ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ረግጦ «ኤን»፣ የእጅ ፍሬን፣ እግርን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ «ፒ»። አንዳንድ ሱዙኪ ዲዛየር ደግሞ ከውስጡ የማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ማርሹን ማሽን የሚቀይርለት ስለሆነ «ፒ» ጭራሽ የለውም። እርሱን ማርሽ ውስጥ ትቶ የእጅ ፍሬን መሳብ ነው።

ባትሪ ከሞተ «ጎበዝ ግፉልኝ» አይሠራም፤ አውቶማቲክ በግፊ አይነሣም፤ ኬብል ፈልጉ። መጎተት ካለበትም መሪ ኃይሉን የሚያገኙት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ይሁን። የካምቢዮ ዘይትም ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሲቪቲውንና የተራ አውቶማቲኩን የሚያቀያይር መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቤንዚን ለማይጠጡት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ይታያል። እነዚህ የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሞተራቸው ጄኔሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የመያዣውን ኃይል ከፍ አድርጋችሁ ውረዱ። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ተጨማሪ የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው መያዣው ይደክማል። ስለዚህ ከደንገጎ በላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ፤ ጥቂት ክፍተት ተዉለት፤ ደንገጎ ራሱ ይሞላላችኋል። ስትወጡ በተቃራኒው ቆጥቡ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወዳጆች፣ ታይዋን ገብታችሁ የስልክ መያዣም ሽቶም ግዙ፤ ማታ ከዚራ ዛፎች ሥር ሻይ ጠጡ። ጠዋት መኪና ከመነሣቱ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ከ«ዲ» በታች ያሉትን ፊደሎች ሞክሯቸው። ደንገጎ አፋፍ ላይ ደርሶ «ይህቺ ምንድን ናት?» ማለት ይረፍድባችኋል። መልካም መንገድ!